ሁለት ኢንቮይስ፦ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ሒሳብና አማና

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ሲሆን ለአንባቢያን እንዲመች ሆኖ ተስተካክሏል።)



ንግድ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነቢይነት ከመላካቸው በፊት የእመት ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ተጉዘዋል። የሰው ገንዘብ በእጃቸው፣ ባለቤቷ ግን መካ ናት። በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ግዢውም ሽያጩም በአደራ በእጃቸው ነበር። ሰዎች «አል-አሚን» ይሏቸው የነበረው እንዲህ ዓይነቱን አደራ የሚጠብቁ ስለነበሩ ነው።

ዛሬ መንገዱ ረዝሟል። የመርካቶ ነጋዴ ወደ ጓንዡ፣ ወደ ዪው፣ ወደ ዱባይ ይጓዛል፤ ወይም ሱቁ ሆኖ በስልኩ ያዝዛል። ዕቃው በባሕር ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ነጋዴውን የሚወክለው ራሱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ ወረቀት እንነጋገራለን።

ጥያቄው ከየት ይጀምራል?

ነገሩ የሚጀምረው ቀላል ከምትመስል ጥያቄ ነው። ዋጋው ተቆርጦ፣ ብዛቱ ተስማምቶ ካለቀ በኋላ ሻጩ ወይም ደላላው «ኢንቮይሱ ላይ ስንት ልጻፍልህ?» ይላል። አንዱ ኢንቮይስ ለራስህ፣ ሌላው ለጉምሩክ መሆኑ ነው። ብዙ ወጣት ነጋዴዎች ይህችን ጥያቄ እንደ ሥራው ወግ አድርገው ይወስዷታል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ እኔ ብቻዬን እውነቱን ብጽፍ ገበያው ይጥለኛል» ይላሉ።

ይህ አባባል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሐሰተኛው ኢንቮይስ በእርግጥ ያተርፋል ወይ? ሁለተኛው የዲን ጉዳይ ነው። እኛ ከሒሳቡ እንጀምር፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስልቶት አያውቅም።

አንድ ወረቀት፣ ብዙ አንባቢ

ኢንቮይስ የሚነበበው በጉምሩክ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ባንኩ ያየዋል። የውጭ ምንዛሪ የሚፈቀደው በፕሮፎርማ ኢንቮይስ ላይ ባለው ዋጋ ነው፤ ኤል ሲ ሲከፈት የሚከፈለውም በዚያው ልክ ነው። ቀጥሎ የመድን ድርጅቱ ያየዋል። ኮንቴይነሩ ባሕር ላይ ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል ካሳው የሚሰላው በውሉ ላይ በሰፈረው ዋጋ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣን ዕቃ ስድስት መቶ ሺህ ብር ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው የአንድ ሚሊዮን ብር ካሳ መጠየቅ አይችልም። ከዚያ ጉምሩክ ያየዋል። ዕቃው ከወጣ በኋላ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ ያየዋል። ጉምሩክም ቢሆን ዕቃው ከተለቀቀ በኋላ ወደ ነጋዴው ቢሮ መጥቶ መዝገቡን የመመርመር ሥልጣን አለው፤ ይህ ድኅረ ክሊራንስ ኦዲት ይባላል።

እንግዲህ ሁለት ኢንቮይስ የያዘ ሰው ለእነዚህ ሁሉ አንባቢዎች አንዱን ታሪክ ሳያዛንፍ ለዓመታት መናገር አለበት ማለት ነው።

ቀረጥ በምን ላይ ይሰላል?

በአገራችን የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው መግዣ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ወደ አገር መግቢያ እስኪደርስ በወጣበት ማጓጓዣና መድን ጭምር ነው። ነጋዴዎች ሲ አይ ኤፍ የሚሉት ይህንን ነው። ለሻጩ ወኪል የተከፈለ ኮሚሽን፣ የማሸጊያ ወጪ፣ ገዢው ለፋብሪካው የሰጠው ሞልድ ወይም ዲዛይን ካለ የእነሱም ዋጋ ይደመራል። ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የኢንቮይሱን ድምር ብቻ ይዞ ሒሳቡን ጨረስኩ ይላል።

ከዚያ ክፍያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ቅደም ተከተሉን በምሳሌ እንየው። ሲ አይ ኤፍ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነ፣ ኤክሳይስ ታክስ የማይከፈልበት ዕቃ አለን እንበል። የቀረጡን ምጣኔ ለምሳሌ ያህል 20 በመቶ እናድርገው።

ቀረጡ 200,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው በዋጋውና በቀረጡ ድምር ማለትም በ1,200,000 ላይ ስለሆነ 180,000 ብር ይመጣል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ድምር በ1,380,000 ላይ ይሰላልና 138,000 ብር ነው። ጠቅላላው 518,000 ብር ሆነ። እንደ ዊዝሆልዲንግ ያሉ ሌሎች ክፍያዎችም አሉ፤ ምሳሌው እንዳይወሳሰብ ትተናቸዋል።

አሁን ያው ነጋዴ 600,000 ብር ብሎ አስጻፈ እንበል። ቀረጡ 120,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 108,000፣ ሱር ታክሱ 82,800፤ በድምሩ 310,800 ብር ይሆናል። በዓይን ሲታይ 207,200 ብር ተርፏል። ደላላው የሚያሳየው እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው

ከ207,200 ብሩ ውስጥ 72,000ው የተጨማሪ እሴት ታክስ ልዩነት ነው። ለዚህ ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ በጉምሩክ የከፈለውን ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ቀንሶ ነው የሚያስገባው። በጉምሩክ ያልከፈለውን በሽያጭ ጊዜ ይከፍለዋል። ስለዚህ 72,000 ብሩ ትርፍ አይደለም፤ ክፍያው ለሌላ ቀን መተላለፉ ብቻ ነው። የቀረው «ትርፍ» 135,200 ብር ነው።

ቀጥለን የትርፍ ግብሩን እንይ። በመዝገብ ላይ የዕቃው መግዣ በ400,000 ብር ዝቅ ብሏል፤ ቀረጡና ሱር ታክሱም በ135,200 ብር ዝቅ ብለዋል። በጠቅላላው ነጋዴው ያወጣው ወጪ በወረቀት ላይ በ535,200 ብር አንሶ ይታያል። ዕቃውን በእውነተኛው ዋጋ በደረሰኝ ከሸጠ ትርፉ በዚያው ልክ በዝቶ ይመዘገብበታል። አስመጪው 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚከፍል ኩባንያ ከሆነ ተጨማሪ 160,560 ብር ግብር ይመጣበታል።

135,200 አትርፎ 160,560 ከፈለ። 25,360 ብር ከሰረ ማለት ነው።

«አይ፣ ሽያጩንም ያለ ደረሰኝ እሸጠዋለሁ» የሚል ይኖራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐሰት ሁለተኛውን ወለደ። ሦስተኛውም ይከተላል፤ በባንክ ያልተላከውን የ400,000 ብር ልዩነት ለውጭው ሻጭ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል፤ ያም በጥቁር ገበያ የሚሆን ነው። እዚያ ገንዘቡ ቢጠፋ ለማን ይከሰሳል? ሻጩ «ቀሪው አልደረሰኝም» ቢል ምን ማስረጃ ይቀርባል? ሁለት ኢንቮይስ የያዘ ሰው በደል ሲደርስበት ፍርድ ቤት የሚያቀርበው እውነተኛ ወረቀት የለውም። በጉምሩክ ፊት ሲገኝበት ደግሞ ልዩነቱን ከመክፈል አልፎ ቅጣትና የወንጀል ክስ ይጠብቀዋል።

«መክስ ነው» ለሚሉ ወንድሞች

አንዳንድ ወንድሞች «ቀረጥ መክስ ስለሆነ መደበቅ ይቻላል» ይላሉ። ቀረጥን በተመለከተ ያለውን የፊቅህ ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ የሬዲዮ ዝግጅታችን የፈትዋ መድረክ አይደለም። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ጉዳዩ ስለ ቀረጡ ብቻ ነው ወይ? ሐሰተኛው ኢንቮይስ ላይ የሚፈርመው ሻጭ በሐሰት ይመሰክራል። ለባንኩ የሚቀርበው ሐሰት ነው። ለመድን ድርጅቱ የሚቀርበውም ሐሰት ነው። እውነቱን ጽፎ ቀረጡን በሙሉ የከፈለው ጎረቤት ነጋዴ ደግሞ በዚህ ሐሰት ከገበያ ይወጣል፤ የእሱ ሐቅ የት ይወድቃል? ሱረቱል ሙጦፊፊን ስሟን ያገኘችው ሰፍርና ሚዛን ከሚያጓድሉ ሰዎች ነው። ኢንቮይስም የዘመናችን አንዱ ሚዛን ነው።

ጉዳዩ ከወለድ ነፃ ባንክ ለሚጠቀም ሙስሊም ነጋዴ ይበልጥ ይከብዳል። በአገራችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። አስመጪዎች በእነዚህ ባንኮች በብዛት የሚጠቀሙት ውል ሙራበሓ ነው። በሙራበሓ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም፤ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በእጁ ወይም በኃላፊነቱ ካደረገ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን ገልጾ ለነጋዴው ይሸጥለታል። በፊቅህ ኪታቦች ሙራበሓ ከ«ቡዩዑል አማና»፣ ከአደራ ሽያጮች፣ የሚመደበው በዚህ ምክንያት ነው፤ መሠረቱ የመግዣውን ዋጋ በእውነት መግለጽ ነው። ኢንቮይሱ ሐሰት ከሆነ ሐራምን ሸሽቶ የተገባበት ውል ራሱ ከሥሩ ይናጋል።

ባለማወቅ የሚመጣ ጥፋት

ከዚህ ሌላ ምንም ክፋት ሳያስብ ባለማወቅ የሚጎዳ ነጋዴ አለ። ትልቁ ምክንያት የታሪፍ ቁጥር ነው። ማንኛውም ዕቃ ኤች ኤስ ኮድ የሚባል መለያ አለው። ይህ መለያ በብራስልስ የሚገኘው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ አንድ ናቸው፤ አገራችን የራሷን ሁለት ጨምራ በስምንት ቁጥር ትጠቀማለች። ቀረጡን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

«የወጥ ቤት ዕቃ» ብሎ አንድ ኮንቴይነር ያዘዘ ሰውን እናስብ። ለእሱ ሁሉም የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ለታሪፉ ግን አይደለም። የፕላስቲክ ሳህን በ3924 ይመደባል። የፖርሲሊን ሲኒ በ6911፣ ሌላው የሸክላ ዕቃ በ6912፣ ብርጭቆ በ7013፣ የብረት ድስት በ7323፣ የአሉሚኒየም ድስት በ7615 ይመደባል። በኤሌክትሪክ ውኃ የሚያፈላው ጆግ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ 8516 ውስጥ ይገባል። ሻጩ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ «ኪችን ዌር፣ 800 ካርቶን» ብሎ ብቻ ከጻፈ ትራንዚተሩ ገምቶ ይሞላል። ግምቱ ከተፈተሸው ዕቃ ጋር ሲጋጭ ነጋዴው ዋሽቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

ስለዚህ ለሻጩ እንዲህ ብላችሁ እዘዙ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከምን እንደተሠራ፣ ሞዴሉ፣ ብዛቱ፣ የተጣራና ጠቅላላ ክብደቱ፣ የካርቶኑ ቁጥር ለየብቻ ይጻፍ። ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉና የሥሪት አገር ምስክር ወረቀቱ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ክብደት ይያዙ። አንዱ 12,400 ኪሎ፣ ሌላው 12,040 ኪሎ ካለ የተገለበጠችው ቁጥር ለቀናት ታቆማችኋለች። ኮንቴይነሩ በቆመ ቁጥር ደግሞ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማዘግያ ክፍያ ይቆጥራል። ጉምሩክ ዲክላራሲዮኖችን በሥጋት መጠን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መስመር ይለያል። አረንጓዴው ያልፋል፣ ቢጫው ወረቀቱ ይመረመራል፣ ቀዩ ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል። የነጋዴው የኋላ ታሪክም ሥጋቱ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ዲክላራሲዮኑን ትራንዚተር ቢሞላውም ዕቃው የእናንተ ነው። «ትራንዚተሩ ነው የሞላው» የሚለው መልስ አያድንም። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

አንደኛ፣ ዕቃው መግባት ይፈቀድለታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደንቡ ይለወጣል። ያገለገለ ልብስ፣ ሰልባጅ የምንለው፣ በንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በአንጻሩ በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የተደረጉት 38 የዕቃ ዓይነቶች በሐምሌ 2016 ዓ.ም ክልከላው ተነሥቶላቸዋል። የአምናውን ወሬ ይዞ የዘንድሮን ዕቃ ማዘዝ ያከስራል።

ሁለተኛ፣ የጥራት ወይም የጤና ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ ከመጫኑ በፊት ይጨረስ። ምግብ፣ መድኃኒትና የውበት መጠበቂያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይመለከታሉ። አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸው ዕቃዎች ደግሞ የተስማሚነት ምስክር ወረቀት ይጠየቅባቸዋል። ዕቃው ሞጆ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ፈቃድ ውድ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛ፣ የምንዛሪውን ለውጥ አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቀረጡ ምጣኔ ባይለወጥም ዋጋው በብር ሲመነዘር ቀረጡ አብሮ ወጣ። የመጨረሻዋን ሳንቲም ለሻጩ ልኮ ለቀረጥ ያላስቀመጠ ሰው ዕቃውን ከሩቅ እያየ ይቀራል።

አራተኛ፣ ባንክ የሚከፍለው ወረቀት አይቶ እንደሆነ አትርሱ። በኤል ሲ ወረቀቱ ከውሉ ጋር ከተስማማ ባንኩ ይከፍላል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን አያይም። ለትልቅ ትእዛዝ ከመጫኑ በፊት ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው በውሉ ውስጥ አስገቡ። ሻጩ በኢሜይል «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ካላችሁ ደግሞ አትላኩ፤ መጀመሪያ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። በዚህ መንገድ ሌቦች በሻጩ ስም ገብተው ብዙ ነጋዴ ዘርፈዋል።

እውነቱን ጽፌ ባልታመንስ?

ይህ ተገቢ ቅሬታ ነው። እውነተኛ ኢንቮይስ አቅርበው «ዋጋው ዝቅተኛ ነው» ተብለው ከፍ ያለ ዋጋ የሚጣልባቸው ነጋዴዎች አሉ። ሕጉ መነሻ የሚያደርገው በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ ነው፤ እሱ ተቀባይነት ሲያጣ ነው ወደ ተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋና ወደ ሌሎቹ ዘዴዎች በቅደም ተከተል የሚኬደው። ስለዚህ የእውነተኛ ነጋዴ መሣሪያ ማስረጃ ነው። ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ የዋጋ ዝርዝሩን፣ ውሉን፣ የባንክ መላኪያውን፣ ሻጩ በአገሩ ጉምሩክ ያስመዘገበውን የወጪ ዲክላራሲዮን ቅጂ ያዙ። ውሳኔው ካላሳመናችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በሕጉ በተቀመጠው ቀን ውስጥ ቅሬታ አቅርቡ፤ ካልተፈታም ይግባኝ በሉ። ሁለት ኢንቮይስ ያለው ሰው ይህንን መብት ሊጠቀምበት አይችልም፤ ማስረጃ ባወጣ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል።

በሻንጣ ለሚነግዱና አደራ ለሚቀበሉ

በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ እህቶችና ወንድሞች ብዙ ጊዜ ኮንቴይነር አያስመጡም፤ ከዱባይ ወይም ከጂዳ በሻንጣ ያመጣሉ። ለመንገደኛ የተፈቀደው የግል መገልገያ ለግል መጠቀሚያ ነው። ሃያ ስልክና ሠላሳ ዓባያ የንግድ ዕቃ ነው፤ ሳያስመዘግቡ ማሳለፍ ኮንትሮባንድ ይሆናል። ትንሽ መሆኑ ስሙን አይቀይረውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ከዑምራ ወይም ከሥራ የሚመለስን ሰው «ይቺን ሻንጣ ያዢልኝ» ማለት ነው። የምትይዘው እናት ውስጡ ያለውን አታውቅም፤ ሲፈተሽ ግን የምትጠየቀው እሷ ናት። ላኪዎች ሆይ፣ በእናንተ ዕቃ ሰው አታስጠይቁ። ተቀባዮች ደግሞ ከፍታችሁ ያላያችሁትን፣ ዝርዝሩን ያላወቃችሁትን ሻንጣ አትያዙ። ይህ ክፉ ጥርጣሬ አይደለም፤ አደራን ዐውቆ መቀበል ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያልነው ይህን ነው። «ኢንቮይሱ ላይ ስንት ልጻፍልህ?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሻጭ መልሱ አጭር ነው፦ የከፈልኩህን ጻፍ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በጥቂቱም በረካ ይጨምርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።